አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ስለ መመርመር

ወላጁን በመጦሪያ ቤት ያኖረ ሰው ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ የግቢውን አበባና የግድግዳውን ቀለም አይቶ ደስ ብሎት ሲመለስ እናያለን። እኛ ግን አንሶላው ተገልጦ ተረከዝና ዳሌ እንዲታይ እንመክራለን። ከአልጋ የማይነሣ ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ያህል ካልተገላበጠ ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ተጨቍኖ ደም ያጣል፤ ይቈስላልም። ቍስል ሁሉ የቸልተኝነት ምስክር ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን እዚያው የቈሰሉት ስንት እንደ ሆኑ፥ ሌሊትም ስንት አስታማሚ እንደሚያድር መጠየቅ ይገባል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የነዋሪዎችን መብት ደነገገ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም መንግሥት ለየቤቱ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ አንዱ መለኪያም የአስታማሚዎች ቍጥር ነው። የከንፈርን መድረቅ ግን ኮከቡ አይነግረንምና፥ የውሃው ብርጭቆ የእናታችን እጅ ከሚደርስበት ስፍራ መቀመጡን በምሳ ሰዓት ሳናስታውቅ ሄደን እንይ።