ከምጣዱ ሥር ያለው ሽቦ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገለበጥ፣ ከሸክላው ጀርባ እየዞረ ወደ መሃል የሚገባ ቦይ ይታያል። እንጀራውን የሚያበስለው በዚያ ቦይ ውስጥ የተዘረጋው ጥምዝምዝ ሽቦ ነው። ከሶኬት የሚመጣው ገመድ ደግሞ ውስጡ መዳብ ነው። በሁለቱም የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያው ነው፤ 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ታዲያ አንዱ ፍም ሲመስል ሌላው ለምን በእጅ ይያዛል?

ያው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ይበልጥ የሚያግደው ሽቦ ይበልጥ ይሞቃል። ሽቦ ሲቀጥንና ሲረዝም ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያግዳል። ትልቁ ልዩነት ግን ከተሠራበት ነገር ይመጣል። 1 ሜትር የሚረዝም፣ ሲቆረጥ የፊቱ ስፋት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ መዳብ 0.017 ኦም ገደማ እገዳ አለው። ለማሞቂያ የታወቀው ኒክሮም በዚያው ልክ 1.1 ኦም ይደርሳል፤ ከ60 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ኒክሮም በብዛት 80 እጅ ኒኬል፣ 20 እጅ ክሮሚየም ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ ኒኬል ብቻውን 0.07፣ ክሮሚየም ብቻውን 0.13 ኦም አካባቢ ነው። ሲቀላቀሉ ግን ከሁለቱም እጅግ ይልቃሉ። በንጹሕ ብረት ውስጥ አተሞች በሥርዓት ስለተደረደሩ ኤሌክትሮኖች ብዙም ሳይደናቀፉ ያልፋሉ። ሌላ ዓይነት አተም በየቦታው ሲሰገሰግ ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ እየተጋጩ ይበተናሉ፣ ጉልበታቸውም ሙቀት ይሆናል። ለገመድ የሚሆን መዳብ ያን ያህል የሚጣራው ለዚህ ነው።

ሙቀትም አተሞችን እያርገበገበ መንገዱን ያውካል። መዳብ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እገዳው 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኒክሮም ከመጀመሪያውም የተዘበራረቀ ስለሆነ ሙቀቱ የሚጨምርበት ጥቂት ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ቅይጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሲግል ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋህዶ ስስ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም ሽቦውን ከመበላት ይጠብቀዋል።

ሽቦው የተዘረጋበት ሸክላ ደረቅ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ውሃ ከጠጣ ግን ያሳልፋል፤ ምጣድ ሳይነቀል በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ሊነዝር የሚችለው ለዚህ ነው።

ሽቦው ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው። ያ የክሮሚየም ቅርፊት ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሳይፋቅ የተጠመዘዘ መገጣጠሚያ ከሌላው ይበልጥ ግሎ እዚያው ይበጠሳል። የተቃጠለውን ቆርጦ ማሳጠርም መዘዝ አለው። ርዝመቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ አምፔሩ በ11 በመቶ ያድጋል፤ ጭማሪውን ገመዱም ሶኬቱም ይሸከማሉ።