ለ90 ደቂቃ ስምንት ሰዓት በረራ

ከሜዳ ውጪ መጫወት ለማንም ከባድ ነው። ለሩሲያው ሉች ኢነርጂያ ግን ፈተናው የሚጀምረው ገና አየር ላይ ነበር። ከተማው ቭላዲቮስቶክ ከሞስኮ 6400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአዲስ አበባ ለንደን እንኳ ወደ 5900 ነው! በረራው ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የሰዓት ልዩነቱም ሰባት ነው። ሞስኮ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ለሉች ልጆች ሰውነት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው።

እነ ስፓርታክ ይህን ጉዞ በውድድር ዘመኑ አንዴ ቀምሰው ይገላገሉታል። ሉች ግን ለ15ቱም የሜዳ ውጪ ጨዋታዎች ሻንጣውን ይሸክም ነበር። «ጎረቤቱ» ቶም ቶምስክ ራሱ ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀዋል።

እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ በ2006 ከ16 ክለቦች 7ኛ ወጣ። በዚያ ሁሉ በረራ ይሄ ከዋንጫ አይተናነስም። በ2008 መጨረሻ ሆኖ ወረደ፤ በ2020 ደግሞ ክለቡ ጭራሽ ፈረሰ።