ፔኒዋ ስትወድቅ

ከእንግሊዞች ጋር የሚሠራ ወንድማችን «አለቃዬ ‹ዘ ፔኒ ሃዝ ድሮፕድ› አለኝ፤ ገንዘብ ጣልኩ እንዴ?» ሲል በውስጥ መስመር ጠየቀኝ።

የጣልከው የለም ወንድሜ። «አሁን ገና ገባህ!» ነው ያለህ፤ ትንሽ ሽሙጥም አያጣውም። አባባሉ ሳንቲም ከሚበሉት የድሮ ማሽኖች የመጣ ነው ይባላል። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች አንድ ፔኒ እየከተቱ የሚጫወቱባቸው ማሽኖች ነበሩ። ፔኒዋ አንዳንዴ መሐል ላይ ትሰነቀራለች። ቢደበድቡት፣ ቢወዘውዙት፣ ማሽኑ ዝም። ድንገት ቃ ብላ ስትወርድ ይነሳል። ነገር ዘግይቶ የሚገባው ሰውም እንደዚያው።

ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፦ አንዳንዶቹ የሳንቲም አባባሎቻቸው ስለ ሀብትና ድህነት ሳይሆን ስለ ተዘጋ ነገር ናቸው። «ስፔንድ ኤ ፔኒ» ማለት ሽንት ቤት መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን፣ ጆርጅ ጄኒንግስ የሠራው የሕዝብ ሽንት ቤት ዋጋው አንድ ፔኒ ነበር። ኋላም ፔኒ ካልጎረሰ የማይከፈት ቁልፍ በየመጸዳጃ በሩ ተገጠመ። (የሴቶቹ ይብስ ነበር፤ የወንዶች መሽኛ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው።) ዛሬ ግን የአያቶች ወግ ስለሆነ ቢሮ ውስጥ አትሞክሩት።

አሜሪካ ደግሞ ተራው የዳይም ነው፤ የ10 ሳንቲሟ። የሕዝብ ስልክ በዳይም ይሠራ በነበረበት ዘመን «ድሮፕ ኤ ዳይም» ለፖሊስ መጠቆም ማለት ሆነ። ሁለቱን «ድሮፕ» እንዳታምታቱ! አንዱ መረዳት ነው፣ ሌላው ሰው ማሳሰር። ዳይም ከአሜሪካ ሳንቲሞች ትንሿ ስለሆነች፣ ወርዷም 18 ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ፣ መኪና ባለበት ቀጥ ሲል «ስቶፕ ኦን ኤ ዳይም» ይላሉ። እንግሊዞች በጠባብ ቦታ ለሚዞር መኪና ሲክስፔንስን ይጠራሉ፤ ሳንቲሟ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ባትሠራም። እኛስ ቤሳ ዓይተን ነው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው?

ዋሺንግተን ያላችሁ ግን «ኒክል ኤንድ ዳይም»ን በኪሳችሁ ታውቁታላችሁ። የአውሮፕላን ትኬቱ ርካሽ፤ ከዚያ ለሻንጣ፣ ለመቀመጫ፣ ለውሃ እየቆነጠሩ መጨረስ። ስታማርሩ «ዘይ አር ኒክል ኤንድ ዳይሚንግ አስ» በሉ፤ ወረፋው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅላችኋል።