ዩኤስቢ ሲያኮርፍ

ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያዋን የተቀናጀች ሰርኪዩት ለባልደረቦቹ ያሳየው መስከረም 1958 (እንደ ፈረንጆቹ) ዳላስ ከተማ፣ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቤተ ሙከራ ነበር። በ2000 ኖቤል አሸለመችው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም እዚያው ዳላስ ነው። ተማሪም መሐንዲስም የሚለማመድባቸውን ላውንችፓድ የተባሉ ቀያይ ሰሌዳዎች ለዓለም የሚያሠራጨውም እሱ ነው። ከሰሌዳዎቹ በብዙዎቹ ላይ ኤክስዲኤስ110 የሚባል ስህተት መፈለጊያ፣ በሙያው ቋንቋ ዲበገር፣ ተገጥሟል። ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ያዘዘውን ተቀብሎ ዋናውን ቺፕ ያስቆማል፣ ያስኬዳል፣ የሜሞሪውን ይዘት አንብቦ ይመልሳል። ታዲያ ስህተት ፈላጊው ራሱ አልሠራም ሲል ምን ይደረጋል?

በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ላይ ንግግሩን የሚጀምረው ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ነው። መሣሪያው ኢንድፖይንት የሚባሉ ቁጥር የተሰጣቸው የመረጃ በሮች አሉት፤ ዳታ ሲላክላቸው ከሦስት ዋና ዋና መልሶች አንዱን ይሰጣሉ። «አክ» ካሉ ተቀብለዋል። «ናክ» ካሉ ለጊዜው አልተመቻቸውም፤ የኮምፒውተሩ ሃርድዌር ራሱ ደጋግሞ ስለሚሞክር መሣሪያውን የሚያናግረው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ነገሩን ጭራሽ አይሰማም። «ስቶል» ካሉ ግን አኩርፈዋል። መቶ ጊዜ ቢላክላቸው መቶ ጊዜ ስቶል ነው የሚመልሱት። ብዙ ጀማሪ ድራይቨር ጸሐፊዎች ስቶልን እንደ ናክ ቆጥረው በድግግሞሽ ሊያሸንፉት ይሞክራሉ፤ ከንቱ ድካም ነው።

ቁጥር 0 የሆነው የመቆጣጠሪያ በር ኩርፊያው ቀላል ነው፤ «ይህን ጥያቄ አላውቀውም» ማለቱ ስለሆነ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ በራሱ ይለቀዋል። ዳታ የሚያመላልሱት በሮች ግን ሽማግሌ ይፈልጋሉ። ሽምግልናው በቁጥር 0 በር በኩል የሚላክ የ8 ባይት መልእክት ነው፦ 02 01 00 00 02 00 00 00። የመጀመሪያው 02 «ለኢንድፖይንት የተላከ» ማለት ነው፤ 01 «አንሣ» ይላል፤ ተከታዮቹ ሁለት ዜሮዎች የሚነሣው ነገር እገዳው፣ ማለትም ኩርፊያው፣ መሆኑን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ያለው 02 ያኮረፈው በር ቁጥር ነው። በሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልክ ቢሆን ኖሮ በ02 ፋንታ 82 ይጻፍ ነበር።

አስቸጋሪው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ የዳታ ፓኬት በተራ 0 ወይም 1 የሚል ምልክት ይዞ ይጓዛል፤ ተቀባዩ ያንኑ ፓኬት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥር ነው። እገዳው ሲነሣ መሣሪያው ምልክቱን ወደ 0 ይመልሳል። ድራይቨሩ በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ሳይመልስ ቢቀርና ቀጣዩን ትእዛዝ በ1 ቢልክስ? መሣሪያው «ይህ የተደገመ ነው» ብሎ አክ ይልና ፓኬቱን ይጥለዋል። ላኪው ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ትእዛዙ ግን የለም። ዲበገር ላይ ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም፤ ሰውዬው ቺፑ ቆሟል ብሎ የሚያነበው ቺፑ እየሮጠ ነውና። ሊነክስ ላይ ለዚህ የተዘጋጀው ዩኤስቢ ክሊር ሆልት የተባለ ፈንክሽን ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ያስተካክላል። 8ቱን ባይት በእጅ መላክ ጀግንነት የሚመስላቸው እሱን ቢጠቀሙ ይሻላል።

ነገሩ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። ብዙ የዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያዎች ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ መሣሪያ ሆኖ በሌላ ኮምፒውተር እንዲመረመር የሚያስችል የዲበግ አገልግሎት ይዘው ይመጣሉ። እዚህ እገዳውን የሚያነሣው መርማሪው ስለሆነ የተመርማሪው ድራይቨር መጠበቅ እንጂ ማስታረቅ አይችልም። የሊነክስ ድራይቨር ቀድሞ ስቶል ባየ ቁጥር በወረፋ ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ይሰርዝ ነበር። በ2024 ታረመ፤ አሁን የተሰናከለውን አንዱን ብቻ ዘግቶ ሌሎቹን ይጠብቃል። በዚያው ሥራ መቆጣጠሪያው አንዳንዴ ያልነበረ ስቶል እንደሚያወራም ታውቋል፤ መርማሪው ያላኮረፈን በር «እገዳህን አንሥቻለሁ» ሲለው ነው ይህ የሚሆነው።

በዳላስም በአዲስ አበባም ድራይቨር የምትጽፉ ሁሉ፣ ስቶል ሲመጣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሎግ ላይ አስፍሩ፣ ወረፋውን አቁሙ፣ ከዚያ እገዳውን አንሡ። በዚያው ትእዛዝ ዳግመኛ ካኮረፈ ገመዱን ነቅላችሁ አትሰኩ፤ ትእዛዙን መርምሩ።