የገመዱ 100፣ የዋይፋዩ 600

ሊኑክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ የኔትወርክ ገመድ ሲሰካ፣ በስክሪኑ ጥግ ያለው የዋይፋይ ምልክት ወደ ገመድ ምልክት ይለወጣል። ይህን ያየ ሰው ዋይፋዩ ጠፍቶ ገመዱ የተተካ ይመስለዋል። አልጠፋም። ሁለቱም በርተዋል፣ ሁለቱም የየራሳቸው አይፒ አድራሻ አላቸው። የተለወጠው የቅድሚያ ተራው ብቻ ነው። «ላፕቶፔ ወደ ገመድ አልዞር አለኝ» ወይም «ገመድ ሰክቼ ኢንተርኔት አጣሁ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የሌለ ማብሪያና ማጥፊያ ነው።

ተራውን የሚያስይዘው ፕሮግራም ኔትወርክ ማናጀር ይባላል። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይም ሆነ ፌዶራ ላይ ከዚያች የጥግ ምልክት ጀርባ ያለው እሱ ነው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን መሥራት ሲጀምር፣ የሊኑክስ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ከቢሮ ወደ ቤት በሄደ ቁጥር የኔትወርክ ፋይሎችን በእጁ ያስተካክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኔትወርክ ማናጀር እትሞች በእርግጥም አንዱን ሲያበሩ ሌላውን ያጠፉ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም 0.7 ግን ብዙ መስመሮችን ባንድ ጊዜ መያዝ ቻለ። ማብሪያና ማጥፊያውን የምንፈልገው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከዚያ ከድሮው ልማድ የተነሣ ነው።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትወርክ ማናጀር ለእያንዳንዱ መስመር ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጥና የሊኑክስ ከርነል በሚያነበው የመንገድ ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍረዋል። ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600፣ በሲም ካርድ ለሚሠራ ሞደም 700 ይሰጣል። ከርነሉ ወደ ኢንተርኔት የሚሄድ ነገር ሲደርሰው ትንሹን ቁጥር ይመርጣል። ፍጥነት አይለካም፣ የዋይፋዩ ሲግናል ጥንካሬም አያሳስበው። 10 ሜጋቢት የሚጎተት አሮጌ ገመድ በጣም ፈጣኑን ዋይፋይ ያሸንፈዋል፣ ቁጥሩ 100 ነዋ!

ስለዚህ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚከፈተው ተርሚናል ነው፤ የሚጻፈውም «አይፒ ራውት» የሚለው ትእዛዝ ነው። «ዲፎልት» ብለው የሚጀምሩት መስመሮች የኢንተርኔት መውጫዎች ናቸው። በየመጨረሻቸው አካባቢ «ሜትሪክ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር የማን ተራ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ» የሚለው ትእዛዝ የትኛው መሣሪያ እንደተገናኘና የትኛው እንዳልተገናኘ ያሳያል። እነዚህን ሁለቱን ሳያዩ ድራይቨር መቀያየርና ሊኑክሱን እንደ አዲስ መጫን፣ እንደኔ ከሆነ፣ ጊዜ ማባከን ነው።

በጣም አደናጋሪው ሁኔታ ግን ገመዱ ደህና ሆኖ ከገመዱ ማዶ ያለው መስመር ሲሞት የሚመጣው ነው። ቢሮ ውስጥ ላፕቶፑ የተሰካው ከስዊች ጋር ነው። ከሕንፃው ውጭ ያለው መስመር ቢቋረጥም ስዊቹ መብራት እስካለው ድረስ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ላፕቶፑም ከራውተሩ አድራሻ ያገኛል፣ 100 ቁጥሩንም እንደያዘ ይቀመጣል። ሰውየው የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ በዋይፋይ ይገናኛል፤ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት አለ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም አይከፈትም። ጥያቄው ሁሉ ወደ ሞተው ገመድ እየሄደ ነው። ብልሃቱ ገመዱን መንቀል ነው፤ አብዛኛውም ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ይነቅለዋል።

ለዚህ ኔትወርክ ማናጀር የራሱ ፈተና አለው። ወደ አንድ የታወቀ ድረ ገጽ ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ የሚጠበቀው መልስ ካልመጣ በዚያ መስመር ሜትሪክ ላይ 20000 ይጨምርበታል። የገመዱ ቁጥር 20100 ይሆንና 600 የያዘው ዋይፋይ ተራውን ይወስዳል። ፈተናው ኡቡንቱ ዴስክቶፕና ፌዶራ ዎርክስቴሽን ላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ዴቢያን ላይ ግን ለብቻው የሚጫን ነው፤ ካልተጫነ ላፕቶፑ የሞተውን ገመድ አምኖ ይቀመጣል። ተጭኖም ቢሆን በአንዱ ፈተናና በሚቀጥለው መካከል ያለው የተለመደ ጊዜ 300 ሰከንድ ስለሆነ ለውጡ ወዲያው ላይታይ ይችላል። «ኤንኤምሲኤልአይ ኔትወርኪንግ ኮኔክቲቪቲ ቼክ» ብሎ በእጅ ማስፈተን ይቻላል፤ መልሱ «ፉል» ካልሆነ መስመሩ ጎድሎታል ማለት ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ ኪስ የሚነካ ነው። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት ማጋራት፣ ማለትም የዩኤስቢ ቴተሪንግ፣ በሊኑክስ ዓይን የገመድ ኔትወርክ ነው። ስልኩ ራሱን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያቀርባል፣ ላፕቶፑም 100 ይሰጠዋል። ቴተሪንጉ እንደበራ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ የሰካ ሰው፣ የቢሮው ዋይፋይ አጠገቡ ተገናኝቶ እያለ የላፕቶፑን ዝማኔ ሁሉ በሞባይል ፓኬጁ ያወርዳል። የቢሮ ገመድም አብሮ ካለ ኋላ የመጣው 101 ይይዛል፤ ስልኩ ቀድሞ ከተሰካ ስልኩ ይበልጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የስልኩን መስመር ሜትሪክ ከፍ ማድረግ፣ ለምሳሌ 800። በኔትወርክ ማናጀር እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ ፕሮፋይል አለው፣ በፕሮፋይሉም ውስጥ «ራውት ሜትሪክ» የሚባል ቦታ አለ። የአይፒቪ4ና የአይፒቪ6 ለየብቻ ስለሆኑ ሁለቱንም መሙላት ያስፈልጋል። አንዱ ከተረሳ ግማሹ ድረ ገጽ በአንዱ መስመር፣ ግማሹ በሌላው ይሄድና ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከተስተካከለ በኋላም ግንኙነቱን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ስም አለ፦ «አውቶኮኔክት ፕራዮሪቲ»። ስሙን የሰማ ሁሉ ከገመድና ከዋይፋይ የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚወስን ይመስለዋል። እሱ ግን የሚመርጠው ለአንድ መሣሪያ ካሉት ፕሮፋይሎች መካከል ነው፣ ለምሳሌ ሁለት የታወቁ ዋይፋዮች ባንድ ቦታ ሲገኙ የትኛው ይሞከር የሚለውን። በገመድና በዋይፋይ መካከል ያለው ጉዳይ አይመለከተውም። 999 ቢሞሉትም ለውጥ የለውም።

ገመዱ ጨርሶ በ«ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ» ዝርዝር ላይ «ተገናኝቷል» ካልተባለ ደግሞ ጉዳዩ ከቁጥር በፊት ነው። «አንማኔጅድ» የሚል ጽሑፍ ከታየ ሌላ ፕሮግራም መሣሪያውን ይዞታል። ዴቢያን ላይ የታወቀው ምክንያት «ኢንተርፌስስ» የሚባለው አሮጌ ፋይል ነው፤ የኔትወርክ ካርዱ ስም እዚያ ከተጻፈ ኔትወርክ ማናጀር እጁን ይሰበስባል። መጀመሪያ ያለ ዴስክቶፕ ተጭኖ ዴስክቶፕ በኋላ የተጨመረበት ላፕቶፕ ላይ ይህ ይከሰታል። ፕሮፋይሉ ከአንድ የካርድ ስም ጋር ታስሮ ከሆነም ገመዱ ላይገናኝ ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር በአንዳንድ ሊኑክሶች ስሙን የሚያገኘው ከተሰካበት ቀዳዳ ነውና፣ ትናንት በግራ በኩል የሠራው ዛሬ በቀኝ በኩል ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። መስመሩን ራስዎ በእጅዎ አቋርጠውት ከሆነም በራሱ አይመለስም፤ እስኪያበሩት ይጠብቃል።

እስካሁን ዋይፋዩ አይጠፋም ብያለሁ። በእውነት የሚጠፋበት ላፕቶፕ ካለ ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ባትሪ ለመቆጠብ የሚጫነው ቲኤልፒ ገመድ ሲሰካ ዋይፋይን የሚያጠፋ፣ ሲነቀል የሚያበራ ክፍል አለው፤ ማጥፋቱ ተጽፎ ማብራቱ ከተረሳ ገመዱ ሲነቀል ባለቤቱ ያለ ኔትወርክ ይቀራል። ከዚህም በታች፣ በባዮስ ውስጥ፣ ይህንኑ የሚያደርግ ምርጫ አንዳንድ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ አለ። እሱ ከበራ ሊኑክስ ላይ ሆኖ የሚነካካው ሁሉ ከንቱ ነው። አስተዳዳሪ ሆነው ሁለቱ ባንድ ላይ እንዳይሠሩ የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ ኔትወርክ ማናጀር ገመድ በተሰካ ቁጥር የሚሮጥ ትንሽ ስክሪፕት እንዲያስቀምጡበት ማውጫ አዘጋጅቷል፣ ምሳሌውም በራሱ መመሪያ ውስጥ አለ።

ሁሉም ተስተካክሎ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። ገመዱ ሲነቀል ኔትወርክ ማናጀር ግንኙነቱ ለአፍታ ተቋርጦ እንደሆነ ብሎ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፣ ከዚያ የገመዱን አድራሻ ያነሣል። በዚያ አድራሻ የተጀመረ ማውረድ ወይም በኤስኤስኤች ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚደረግ ሥራ አብሮ ይሞታል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ግንኙነት ከተጀመረበት አድራሻ ጋር የታሰረ ነው። ብራውዘር ወዲያው አዲስ ስለሚጀምር አይታወቅም፤ ሰርቨር ላይ እየሠራ ያለ ሰው ግን ስክሪኑ ደርቆ ያገኘዋል። ቦንዲንግ የሚባለው አሠራር ገመዱንና ዋይፋዩን ባንድ አድራሻ ሥር ያስገባቸዋል፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀጥላል። የሚሠራው ግን ሁለቱም ወደ አንድ ኔትወርክ ሲወስዱ ነው፣ እንደ ቤት ራውተር። ገመዱ የቢሮ፣ ዋይፋዩ የስልክ ሆትስፖት ከሆነ አያዋጣም። ያን ጊዜ የሚሻለው ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ነው፤ ላፕቶፑ ከየትኛውም አድራሻ ቢመጣ ቁልፉን አይቶ ያውቀዋል፣ በውስጡ የተከፈተው የኤስኤስኤች መስኮትም ገመዱ ከተነቀለ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል።