ለአባት የሚገባ መታሰቢያ

ዕድሜ ጠግቦ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ንስሐ ገብቶና ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ያረፈ አባት ሲቀበር፣ ካህናቱ በመጽሐፈ ግንዘት የታዘዘውን ጸሎት ካደረሱ በኋላ፣ ከቤተ ዘመዱ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበቡ በከተሞቻችን የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ በየተራቸው ይታሰባሉ፤ ሠልስቱ የጌታን ትንሣኤ፣ አርባው ዕርገቱን እንደሚያዘክሩ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ወዳጅ ያጽናናል። ይህ ሁሉ ለነፍሱ ጸሎትና ምጽዋት፣ ለሐዘንተኛውም መጽናኛ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በመቃብሩ አጠገብ የተነበበው ወረቀት ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉ ይልቅ በችኰላ፣ በአንድ ሌሊት፣ በለቅሶ መካከል የሚሰናዳውም እርሱ ነው።

ችኰላው አስቀድሞ የሚታወቀው በልደቱ ዘመን ላይ ነው። ዛሬ ዘጠና ዓመት ከሞላቸው አባቶች ብዙዎቹ ልደታቸው በመዝገብ አልተጻፈም፤ ሆኖም መንገዱን ለሚያውቅ ዘመናቸው አይሰወርም። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ፣ የተጠመቀበት በዓል ከታወቀ ወደ ኋላ ቆጥሮ ወደ ልደቱ ቀን መድረስ ይቻላል። ዓመቱን ደግሞ ሁሉ ከሚያውቃቸው ነገሮች ጋር ማስተያየት ነው፤ ይኸውም ከ1923ቱ የንግሥ በዓል፣ ከ1928ቱ የማይጨው ጦርነት፣ ከ1933ቱ የነጻነት መመለስ ጋር። «ጠላት ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ያለ ሽማግሌ፣ በ1920 ዓ.ም. አካባቢ መወለዱን ነገረን ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሱም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መጨመር እንዳለበት ባለማስተዋል የአባታቸውን ዕድሜ ያዛባሉ።

ሁለተኛውና የሚብሰው ጉድለት ግን የፍሬ ነገሩ ነው። የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት፣ የተሾመበት ማዕረግ፣ የተዛወረበት ጠቅላይ ግዛት አንድ በአንድ ተዘርዝሮ፣ ስለ ትዳሩ ግን «ከወይዘሮ እገሊት ጋር ተጋብቶ ልጆች አፍርቷል» ተብሎ ይታለፋል። ሃምሳና ስድሳ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ለኖረ ሰው ከሚስቱ የበለጠ ምስክር ከቶ ወዴት ይገኛል? በታመመች ጊዜ ማን እንዳስታመማት፣ ደመወዝ ሲያጥር ቤቱ በምን እንደ ቆመ፣ ከወላጅ አልባ ዘመድ ማንን እንዳሳደጉ፣ ስንቱን ጠበኛ በሽምግልና እንዳስታረቀ፣ ልጁን ሲቈጣ ምን ይል እንደ ነበረ የምታውቀው እርሷ ናት። ሹመቱን መዝገብ ቤት ይጠብቀዋል፤ ይህን ግን እርሷ ካልተናገረችው የሚጠብቀው የለም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን አስበው ነበር። እርሳቸው ስለ ብዙ ሰዎች የደከሙትን ያህል፣ እያንዳንዱ ልጅ ስለ አንድ አባቱ ቢደክም አይበዛበትም። አባት በሕይወት ሳለ፣ በበዓል ቀን ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት፣ እናትም ከአጠገቡ ተቀምጣ የረሳውን እያስታወሰችው፣ ታሪኩ ቢጻፍና ለራሱ ተነቦለት ስሕተቱን ቢያርመው፣ ከማናቸውም የለቅሶ ሌሊት ጽሑፍ የታመነ ይሆናል። ይህን እንደ ሟርት የሚቈጥር ቢኖር፣ አባቶቻችን ቁም ተዝካር ብለው ገና በሕይወት ሳሉ ድሀ ጠርተው የራሳቸውን ተዝካር ያወጡ እንደ ነበር ያስብ፤ ተዝካሩን በቁሙ ማውጣት ያላስፈራው ሕዝብ፣ ታሪኩን በቁሙ ማስጻፍ ሊያስፈራው አይገባም።