ላሚቱ ስትወድቅ ደሟ ይጠየቅ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የወተት ከብት እርባታ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ሥራ ከሆነ ሰንብቷል። ደላላውም ሆነ ገዢው ላም ሲያይ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደምትታለብ ነው። ዋጋዋም የሚቆረጠው በሊትሯ ነው። ይሁን እንጂ በውድ ዋጋ የተገዛችውን ድቅል ላም፣ በወለደች በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሳይታሰብ የሚጥላት በሽታ አለ። የወተት ትኩሳት ይባላል።

ስሙ አሳሳች ነው። ትኩሳት የለውም፤ እንዲያውም የላሚቱ ጆሮ ይቀዘቅዛል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ትተኛለች፣ መነሳትም ያቅታታል። መንስኤው በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት መውረዱ ነው። 1 ሊትር እንገር ከ2 ግራም በላይ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። በአንጻሩ በላሚቱ የደም ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከአጥንቷና ከመኖዋ ቶሎ ካልተተካ ጡንቻዋ ይዝላል፣ ልቧም ይደክማል። በመሆኑም አደጋው የሚበረታው ብዙ በምትታለበው፣ በተለይም 3 ጊዜና ከዚያ በላይ በወለደችው ላም ላይ ነው።

ይህ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሽሚት የተባለ የዴንማርክ የእንስሳት ሐኪም የበሽታው ምንጭ ጡቷ መስሎት መድኃኒቱን በጡቷ በኩል ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የታመሙ ላሞች ደም ተለክቶ የካልሲየም መጉደል ሲታይ ግን ነገሩ ተለወጠ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በጤነኛ ላም 100 ሚሊ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ8.5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይገኛል። ከ8 በታች ሲወርድ ላሚቱ ቆማ እየሄደች እንኳ የመብላት ፍላጎቷ ሊቀንስ፣ የእንግዴ ልጇም ሊዘገይ ይችላል። ወድቃ የቀረችዋ ላም ብዙውን ጊዜ ከ5.5 በታች ትሆናለች።

ነገር ግን የተኛች ላም ሁሉ ካልሲየም አጥታ አይደለም። የፎስፈረስና የማግኒዚየም ማነስ፣ በአስቸጋሪ ወሊድ የተጎዳ ነርቭ ወይም የማሕፀን ቁስለትም ይጥላታል። ሽንቷ ከቀላ ፎስፈረስ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዚያ የተባለው በሽታም ሽንት ያቀላል። የሁለቱ መድኃኒት ግን ለየቅል ነው።

መጋዘኑን በውሻ ለሚያስጠብቅ ነጋዴም ይኸው ሥርዓት ይሠራል። ብዙ ቡችላ የምታጠባ ውሻ ካልሲየሟ ሲጎድል ትንቀጠቀጣለች። በአዋቂ ውሻ ካልሲየሙ ከመጠን በላይ ከወጣ ሐኪሙ ካንሰርን ጭምር ይጠረጥራል። ሶዲየሙ ለፖታሲየሙ ተካፍሎ ከ27 በታች ከሆነ የአድሬናል ዕጢ ድካም ያሳስባል፤ ሆኖም የአንጀት ትላትልም ያንኑ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ቁጥሩ ምስክር ነው፤ ዳኛው ሐኪሙ ነው።

ምስክሩ እንዳይበላሽ

ደሙ መወሰድ ያለበት የካልሲየም መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ያለበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ብልቃጥ ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዝ፣ ጤነኛዋን ላም ሳይቀር የታመመች ያስመስላታል። ደሙ በሚረጋበት ባዶ ብልቃጥ መወሰድ አለበት። ላሚቱ ከወደቀች ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ደሙ ተወስዶ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። በደም ሥር የሚሰጠው ካልሲየም ከፈጠነ ልብ ስለሚያቆም ሥራው የሐኪም እንጂ የከብት ጠባቂ አይደለም።

መኖውም የራሱ ድርሻ አለው። የፎገራ ሜዳ ወደ ሩዝ ማሳነት ሲለወጥ ግጦሹ ጠብቦ የሩዝ ገለባ መኖ ሆኗል። ገለባው ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየም ይይዛል። ፉርሽካም ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ከመውለዷ በፊት ካልሲየም ማብዛት ሰውነቷ ከአጥንቷ መሳብን እንዲያዘገይ ስለሚያደርግ ይጎዳታል። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲያጠናት የኖረችው የፎገራ ላም ወተቷ ከድቅሏ ስለሚያንስ ተጋላጭነቷም ያነሰ ነው። ሊትር የሚፈልግ ባለሀብት አደጋውንም አብሮ መግዛቱን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ገዢ ከሊትሩ ቀጥሎ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ስንት ጊዜ ወለደች? ከወለደች በኋላ ወድቃ ታውቃለች? በመጨረሻዎቹ 2 የእርግዝና ወራት ምን በላች? አንዴ የወደቀች ላም ዳግም የመውደቅ ዕድሏ ሰፊ ነው። በአቅራቢያው ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የትኞቹን ማዕድናት እንደሚለካም ላሚቱ ሳትወልድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ያለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።